ያረጀ ሳይክል መቼ ነው የሚፈለገው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ሳይክል እንደምወድ የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም። አንዱ ከአያቱ የወረሰው አለው። ሌላው ዕቃ ቤት ውስጥ ተጥሎ ካገኘው ገና አቧራውን ማራገፉ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳይክል ባረጀ ቁጥር ይወደዳል?

አይወደድም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የስንቱ ዕቃ ቤት ባንክ በሆነ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የሳይክል እብደት ተነስቶ ነበር። በ1973 ብቻ ወደ 15 ሚሊዮን ሳይክል ተሸጧል። አብዛኛው ባለ 10 ማርሽ፣ ቱቦው ወፍራም፣ ክብደቱ የሚያስመርር ነበር። እነዚያ ሳይክሎች ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሰብሳቢ ግን አብዛኞቹን ዞር ብሎም አያያቸውም። ለመንዳት ይሁን፣ ክፋት የላቸውም። ከእነሱ 10 ዓመት ዘግይቶ የተሠራ አንድ ጥሩ የጣሊያን የውድድር ሳይክል ብቅ ሲል ግን ሰው ይሻማበታል።

ታዲያ የሚፈለገውን ካልተፈለገው የሚለየው ምንድን ነው?

ሳይክል እየተነዳ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ጎማው ይበላል፣ ይቀየራል። ሰንሰለቱ ይላላል፣ ይቀየራል። ኮርቻው ይቀደዳል፣ ባለቤቱ የሚመች ሌላ ይገዛል። ፔዳሉ ይሰበራል። ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ማርሹ በተሻለ ይተካል። እንዲህ ሲባል ከ20 ዓመት በኋላ የድሮው ሆኖ የሚቀረው ፍሬሙ ብቻ ይሆናል። እሱም ቢሆን ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ።

ስለዚህ ፋብሪካ እንደወጣ፣ ከነሙሉ ዕቃው የተረፈ ሳይክል ብርቅ ነው። ሰብሳቢው የሚከፍለው በዋናነት ለዚህ ነው። እኔ አንድ አሮጌ ሳይክል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ቀድሞ የሚጠፋውን ዕቃ ነው። የመሪው እጀታ ጎማ አለ? ፓምፑ ከፍሬሙ ጋር አብሮ ቆይቷል? ከመሪው በታች ፊት ለፊት የምትለጠፈው የፋብሪካው አርማ አለች? ደወሏስ? እነዚህ ካሉ ትልቁ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አለ።

ነገሩ አንዳንዴ ያስቃል። የጣሊያኑ የሳይክል ዕቃ ሠሪ የካምፓኞሎ የፍሬን ማንሻ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ከላዩ የሚለብሰው ጎማ ግን በላብና በፀሐይ እየተሰነጠቀ ይበሰብሳል። በዚህ የተነሳ ሳይከፈት የቆየ አንድ ጥንድ ጎማ ሲገኝ ሰብሳቢዎች ይናጠቁታል። አዲስ በነበረበት ዘመን ከሳይክሉ ርካሽ ዕቃዎች አንዱ እሱ ነበር። የአሜሪካው ሽዊን ፋብሪካ ለልጆች ይሠራው የነበረው፣ ክሬት የሚባለው ሳይክል የኋላ ጎማም እንደዚያው ነው። ጥርስ የሌለው፣ ለስላሳ ጎማ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ሥራቸው በኋላ ፍሬን እየያዙ መንሸራተት ነበርና ጎማው ብዙ አይቆይም ነበር። ከነመጀመሪያ ጎማው የተገኘ ክሬት ማለት ማንም ልጅ በደንብ ያልተጫወተበት ክሬት ነው።

ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ጥንታዊ የሚባለው?

የተቆረጠ ልክ የለም። ሰብሳቢዎች የሚከፋፍሉት በዓመት ብዛት ሳይሆን በሥሪት ዘመን ነው።

መጀመሪያ ካርል ፎን ድራይስ በ1817 ጀርመን፣ ማንሃይም ላይ የነዳው ፔዳል አልባ የእንጨት ሳይክል አለ፤ በእግር እየገፉ ነው የሚሄዱበት። በ1860ዎቹ ፔዳል በፊት ቸርኬው ላይ ተገጠመ። ቸርኬው ከእንጨት ተሠርቶ ብረት ስለሚለብስ የነጂውን አጥንት ያንቀጠቅጠው ነበር፤ እንግሊዞች ስሙን ያወጡለትም በዚሁ ነው። ቀጥሎ በ1870ዎቹ የፊት ቸርኬው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያደገው ረጅሙ ሳይክል መጣ። ከዚያ በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ላይ ሮቨር የሚባለውን ሳይክል አወጣ፤ ሁለቱ ቸርኬዎች ተቀራራቢ ሆነው በሰንሰለት የሚሄድ። ደንሎፕ በ1888 በአየር የሚሞላ ጎማ ሲጨምርበት የዛሬው ሳይክል ተወለደ ማለት ይቻላል።

የዚህ ሽግግር ፍጥነት ለሰብሳቢዎች ትልቅ ትርጉም አለው። ረጅሙ ሳይክል በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሳቂያ ሆነ። ከፍታው ያስፈራል፣ ሲጥል በጭንቅላት ነው የሚጥለው። ስለዚህ ተጣለ። በኋላ በጦርነቶቹ ጊዜ ብረት ሲፈለግ ብዙ አሮጌ ሳይክል ወደ ማቅለጫ ሄዷል። ዛሬ የምናየው ያመለጠውን ነው።

ለውድድር ሳይክል ደግሞ አንድ የታወቀ ወሰን አለ። በ1997 ጣሊያን ውስጥ፣ ቶስካና፣ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ኤሮይካ የሚባል ጉዞ ተጀመረ። በነጭ የኮረት መንገዶች ላይ በድሮ ሳይክል ብቻ ነው የሚነዳው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ሳይክሉ ከ1987 በፊት የተሠራ ይሁን፤ የማርሽ መቀየሪያው ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ ላይ ይሁን፤ የፍሬን ገመዱ ከመሪው ውጪ ይታይ፤ ፔዳሉ የእግር ማሰሪያ ያለው ይሁን። ይህ ሕግ ራሱ ገበያ ፈጠረ። ዕቃ ቤት ተጥሎ የነበረ የ1978 ሳይክል ድንገት የሚሄድበት አገኘ። የዚያ ዘመን ሳይክሎች እንደገና እንዲፈለጉ ያደረገው አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ብርቅ ከሆነ በቃ ውድ ነው ማለት ነው?

ብርቅ ሆኖ ማንም የማይፈልገው ነገር ሞልቷል። ፈላጊ ሲኖረው ነው ብርቅነት ዋጋ የሚሆነው።

ለዚህ የቦውደን ስፔስላንደርን ያህል ጥሩ ምሳሌ አላውቅም። ቤንጃሚን ቦውደን የሚባል እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ በ1946 ለንደን ውስጥ ለኤግዚቢሽን አቀረበው። ቅርጹ የጠፈር መንኮራኩር ይመስላል። የሚያመርትለት ግን ጠፋ። በመጨረሻ በ1960 አሜሪካ ውስጥ በፋይበርግላስ ተሠርቶ ገበያ ወጣ። ውድ ነበር፣ ፋይበርግላሱም ይሰነጠቅ ነበር። ወደ 520 ገደማ ከተሸጠ በኋላ ሥራው ቆመ። በዘመኑ የከሰረ ሥራ ነው እንግዲህ። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ከሚያልሟቸው ሳይክሎች አንዱ ሆኗል። ጥቂት መሠራቱ ብቻውን ይህን አላመጣም። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም፤ ፈላጊ ያበዛለት ይሄ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ፍላይንግ ፒጅን ነው። ከ1950 ጀምሮ ቻይና፣ ቲያንጂን ውስጥ በብዙ ሚሊዮን ተሠርቷል። ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ጥንካሬውም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁሉም ስላለው ማንም አይሻማበትም። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልተነካ ቢገኝ ሌላ ወሬ ነው።

ሰው ለምን የልጅነቱን ሳይክል ያሳድዳል?

ያኔ ስላልተገዛለት!

ይህን ለቀልድ አላልኩትም። ብዙ ሰብሳቢ የሚያሳድደው የነበረውን ሳይክል አይደለም፤ የጎረቤቱ ልጅ የነበረውን ነው። በ12 ዓመቱ በመስታወት አሻግሮ ያየው ሳይክል ውስጡ ይቀራል። 40 ወይም 50 ዓመት ሲሞላው ገንዘብ ይይዛል፣ ልጆቹም ያድጋሉ። ያን ጊዜ ይገዛዋል።

ስለዚህ ፍላጎት ከትውልድ ጋር ይሄዳል። ሽዊን በ1933 ወፍራም ጎማ ያላቸውን ሳይክሎች አሜሪካ ውስጥ አስለመደ። በ1949 ብላክ ፋንተም መጣ፤ ክሮሙ የሚያብለጨልጭ፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል የሐሰት ታንክ የተገጠመለት። የዚያ ዘመን ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ እነዚህ ሰማይ ነኩ። ከዚያ ተራው የ1963ቱ ስቲንግ ሬይና ከ1968 እስከ 1973 የተሠሩት ክሬቶች ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1970 የወጣው ራሌይ ቾፐር አለ። ቀጥሎ ለዝላይና ለአቧራ መንገድ ውድድር የሚሆኑት ትንንሾቹ የ1980ዎቹ ቢኤምኤክስና የመጀመሪያዎቹ የተራራ ሳይክሎች መጡ።

መውረድም አለ ታዲያ። አንድን ሳይክል በልጅነቱ የተመኘ ትውልድ ሲያልፍ የዚያ ሳይክል ፈላጊ ይሳሳል። በሥሪቱ ታሪክ የሠራ ከሆነ ግን ሙዚየም ይቀበለዋል። ጆ ብሪዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ብሪዘር የተራራ ሳይክል ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው። እንዲህ ያለው ሳይክል የማንም ልጅነት አያስፈልገውም።

የትኞቹን ስሞች ልፈልግ?

ስም ብቻ አትፈልጉ፤ ቱቦውንና ዕቃውን አብራችሁ እዩ። ራሌይ ርካሽም ውድም ሠርቷል። ፔዦም እንደዚያው።

ቱቦን በተመለከተ ሬይኖልድስ 531 በ1935 የወጣ የብረት ቱቦ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የምርጥ ሳይክል ምልክት ሆኖ ቆይቷል። የጣሊያኑ አቻ ኮሎምበስ ነው። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ብቻ አትመኑ፤ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል። የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ውፍረቱን ለኩ። በብዙ የእንግሊዝና የጣሊያን ፍሬሞች 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ቱቦው ስስ ነው ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት። ከ26 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ወፍራምና ተራ ነው። የፈረንሳይ ሳይክል ልኩ ለየት ስለሚል በዚህ አትፍረዱበት።

ዕቃን በተመለከተ የካምፓኞሎ ስም አይታለፍም። ቱሊዮ ካምፓኞሎ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር። በ1927 ክሮቸ ዳውኔ የሚባል ተራራ ላይ በብርድ ጣቱ ደንዝዞ የኋላ ቸርኬውን መፍታት አቃተው ይባላል። ቸርኬን ያለ መፍቻ በአንድ እጀታ የሚለቀው ዕቃ ሐሳብ ከዚያ መጣ ነው ወሬው። ወሬው ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ግን እስካሁን በብዙ የዓለም ሳይክል ላይ አለ። በ1933 ኩባንያውን ቪቼንሳ ላይ አቋቋመ። በ1967 የወጣው ኑዎቮ ሬኮርድ የተገጠመለት ሙሉ ሳይክል ካገኛችሁ በደንብ ዕዩት።

በእጅ ከሚሠሩት ደግሞ የጣሊያኖቹ ቺኔሊ፣ ማዚ፣ ዴ ሮዛና ኮልናጎ፣ የፈረንሳዮቹ ረኔ ኤርስና አሌክስ ሳንዤ አሉ። ለኔ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይበልጣሉ። መብራቱ፣ ጭቃ መከላከያው፣ የዕቃ መጫኛው ሳይቀር ለዚያው ሳይክል ተብሎ ነበር የሚሠራው። አንዱን ዕቃ ብታነሱት ሙሉው ያዝናል።

ቀለሙን አድሼ ብሸጠው አይሻልም?

አደራ! ቆም በሉ።

የመጀመሪያው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የተጫረ፣ የደበዘዘ፣ ግን የፋብሪካው የሆነ ቀለም ከሚያብለጨልጭ አዲስ ቀለም ይበልጣል። በእጅ የተሳለው ቀጭን የወርቅ መስመር፣ ከስቲከሩ ስር ያለው የቀለም ልዩነት፣ የሳይክሉን ዕድሜና እውነተኛነት የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ቀለም ሲቀባ ምስክሩ ይጠፋል።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። የመጀመሪያ ሳይክሌን ፍሬም አሸዋ በሚረጭ ማሽን አስጠርጌ ቀይ አስቀባሁት። አማረ። አንድ አዋቂ አይቶት ዝም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ “ቀለሙ መጥፎ ነበር?” አለኝ። አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ በለስላሳ ጨርቅና በቀላል ሳሙና እጠቡት። ክሮሙ ላይ ያለውን ቀላል ዝገት በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀትና በውሃ ብታሹት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ቀለሙን በሰም አብሱት። አድሱ የምላችሁ ቀለሙ ከዚህ በፊት ተፍቆ ከሆነ ወይም ዝገቱ ብረቱን እየበላ ከሆነ ብቻ ነው።

የኮርቻው ዘንግ ተጣብቆ እምቢ ካለ በጉልበት አትጠምዝዙት። ሰርጎ ገብ ዘይት ጨምሩበትና ለቀናት ተዉት። በመዶሻ የተጀመረ ሥራ ፍሬሙን ሰንጥቆ ሲያልቅ አይቻለሁ።

መቼ እንደተሠራ በምን አውቃለሁ?

ሳይክሉ ራሱ ይናገራል። ፍሬሙን ገልብጡና ፔዳሉ በሚያልፍበት መጋጠሚያ ስር የተቀረጸ ቁጥር ፈልጉ። እዚያ ከሌለ የኋላ ቸርኬው የሚገባበት ጫፍ አካባቢ ወይም መሪው ስር ይኖራል። ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር የሚያመሳክሩ ማኅበራት አሉ፤ በ1955 የተመሠረተው የእንግሊዙ የቬተራን ሳይክል ክለብ አንዱ ነው።

ዕቃዎቹም ይረዳሉ። የስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ የኋላ ቸርኬ መሃሉ ላይ የተሠራበት ዓመትና ወር ተቀርጾበታል። የካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ ማርሽ ቀያሪ ላይ “ፓተንት 72” የሚል ካያችሁ በ1972 የተሠራ ነው። ዕቃ ይቀየራልና በአንዱ ብቻ አትደምድሙ። ሦስት ዕቃ በአንድ ዓመት ከተስማማ ግን እመኑት።

ብረቱ የተለበጠበትም ፍንጭ ይሰጣል። ክሮም በሳይክል ላይ የተስፋፋው ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኒኬል ነበር፤ ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ ለስላሳ ብርሃን አለው። የ1905 ነው የተባለ ሳይክል እንደ መስታወት ሰማያዊ ቢያንጸባርቅባችሁ አንድ ሰው በኋላ ነክቶታል።

ታዋቂ ሰው የነዳው ከሆነስ?

ማስረጃ ካለው ዋጋው ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ማስረጃ ከሌለው ወሬ ነው። ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ የቡድኑ መዝገብ፣ ከፍሬሙ ቁጥር ጋር የሚገጥም ወረቀት ያስፈልጋል።

ቤልጂየማዊው ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን የሰበረበት ኮልናጎ ከ6 ኪሎ ያነሰ ነበር። ብራስልስ ውስጥ በስሙ በተሰየመው የሜትሮ ጣቢያ ተቀምጧል፤ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሌላው ደግሞ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ላንስ አርምስትሮንግ በ2009 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን የነዳው፣ ሠዓሊው ዴሚየን ኸርስት በእውነተኛ የቢራቢሮ ክንፎች ያስጌጠው ሳይክል ነው። የዚያኑ ዓመት ጨረታ ላይ በብዙ መኪና ዋጋ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ነጂው በአበረታች ዕፅ ድሎቹን ተነጠቀ። የሠዓሊው ስም ሳይክሉን ይይዘው ይሆናል። በነጂው ስም ብቻ የተገዛ ሳይክል ግን ከነጂው ስም ጋር አብሮ ይወድቃል።

አስመስሎ የተሠራን እንዴት እለያለሁ?

ሁለቱን ለዩ። አንደኛው ፋብሪካው ራሱ እንደገና የሚያወጣው ነው። ሽዊን በ1995 ለመቶኛ ዓመቱ ብላክ ፋንተምን እንደገና ሠርቷል። ራሌይም ቾፐርን በ2004፣ ከዚያም በ2023 አውጥቷል። እነዚህ ሐሰት አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ ሳይክሎች ናቸው። ሐሰት የሚሆኑት ሻጩ “የ1970 ነው” ሲላችሁ ነው። ስፔስላንደርም በኋላ ቅጂ ተሠርቶለታል።

ሁለተኛው የተሰበጣጠረው ነው። ፍሬሙ ከአንዱ፣ ቸርኬው ከሌላው፣ ስቲከሩ ከማተሚያ ቤት። እዚህ ላይ እርጅናው እኩል መሆኑን ተመልከቱ። ፔዳሉ ተበልቶ ኮርቻው አዲስ ከሆነ፣ ወይም ብሎኑ ሁሉ ተጫጭሮ ቀለሙ ንጹሕ ከሆነ፣ ጠይቁ።

እንደ ኢንቨስትመንት ልግዛው?

ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ። ቦታ ይይዛል፣ ዕቃው አይገኝም፣ ገዢው ጥቂት ነው፣ ለማጓጓዝም አይመችም። ባይሸጥ እንኳ ዓይናችሁ የሚጠግብበትን ግዙ።

ልነዳው እችላለሁ?

አዎ፣ አብዛኛውን። ጎማውን፣ የፍሬን ላስቲኩንና ገመዱን ቀይሩ፤ የድሮዎቹን ግን በፌስታል አድርጋችሁ ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። አትጣሉ። የፊት ሹካውንና የመሪውን አንገት ስንጥቅ እንደሌለው በብርሃን መርምሩ። አሮጌ የአሉሚኒየም መሪ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። የፈረንሳይ ሳይክል ከሆነ የብሎን ጥርሱ ከሌላው አይገጥምም፤ በግድ የገባ ዕቃ ፍሬሙን ያበላሻል።

የት ላስቀምጠው?

ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ። ፀሐይ ቀለም ይበላል፣ ጎማም ያደርቃል። መሬት ላይ ከቆመ ጎማውን በየጊዜው ንፉት፤ አየር የሌለው ጎማ በአንድ ጎኑ ይሰነጠቃል። የቆዳ ኮርቻ ካለው በዓመት አንዴ ሁለቴ ስስ የቆዳ ቅባት ይበቃዋል። በዘይት ካጠጣችሁት ይለሰልስና ይረግባል፤ መልሶ አይወጠርም። በፕላስቲክ አትሸፍኑት፤ እርጥበት ውስጡ ይታፈንና ያዝገዋል። አሮጌ አንሶላ በቂው ነው።